መውጫ የሌለው ሐይቅ፦ በሐዋሳ ዳርቻ የፕላስቲክ ጽዳት ዘመቻ አሠራር

ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ ይገባዋል፤ ክረምት ሲሆን ከከተማው መንገዶችና ሰፈሮች የሚሰበሰበው ጎርፍ ይጨመርበታል። ውሃው ገሚሱ ይተናል፣ ገሚሱ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። አብሮት የመጣው ሃይላንድና ፌስታል ግን አይተንም፣ አይሰርግም። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋ፣ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ብዙ በማያልፍ ውሃ ላይ ሲዞር ይከርማል። ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በመጨረሻም ይበጣጠሳል። ከተበጣጠሰ በኋላ ለቅሞ የሚጨርሰው ሰው የለም። አንድ ሃይላንድ በሙሉ አካሉ ሊያዝ የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ዳርቻው ነው፤ ከዳርቻው በፊት ያለው ደግሞ ቦዩ ነው፣ ወደ እሱም እንመጣለን።

ስለ ባህር ዳርቻ ጽዳት የተጻፈው አብዛኛው መመሪያ የውቅያኖስ ነው። በአብዛኛው ቦታ የውቅያኖሱ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ዳር ወጥቶ ይመለሳል፣ ጽዳቱም ሰዓቱን ከእሱ ጋር ያስማማል። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሐዋሳ ላይ ቆሻሻው የት እንደሚቆም የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ነፋሱ፣ የሐይቁ ከፍታና የጎርፍ መውረጃዎቹ አፍ።

መቼ ይሁን?

በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የባህር ዳርቻ ጽዳት ቀኑ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ከመስከረም 4 እስከ 11 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ለሐዋሳ ይህ ቀን ቸኩሏል። ዝናቡ ገና አልቆረጠም፣ ጎርፉ ገና ያመጣል፣ ሰዉም ለመስቀል ይዘጋጃል። ያን ቅዳሜ ያጸዳችሁት ዳርቻ በቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ ይሞላል።

የሚሻለው በዓመት ሦስት ጊዜ መሥራት ነው። የመጀመሪያው በጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ አብቅቶ ሐይቁ ከፍ ባለበት በዚህ ወቅት ክረምቱ ያመጣው ሁሉ በውሃው የከፍታ መስመር ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ሁለተኛው ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በጥቅምት ውሃ ውስጥ የነበረው ቆሻሻ ይገለጣል፣ መሬቱም ደርቆ ለመርገጥ ይመቻል። ሦስተኛው በግንቦት መጨረሻ ሲሆን ዳርቻውን ትታችሁ ቦዮቹን የምታጸዱበት ነው። አቅማችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ምንም እንኳ ለፎቶ ባያምር፣ የግንቦቱን ምረጡ።

በዓላትንም አስቡ። በቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሳምንት፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ደግሞ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ በሕዝብ ይጥለቀለቃል። ዘመቻውን በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ማድረግ ልፋትን ማባከን ነው። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ቢሆን ግን ነፋሱ ሳያሰራጨው ትደርሱበታላችሁ።

ከቀኑ በፊት ቦታውን በእግር

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ሂዱ። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ስለሚያረፍድ ቆሻሻው የተኛበትን በግልጽ ታያላችሁ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ተንሳፋፊው ወዴት እንደሚገፋ ታያላችሁ። የሚያጠራቅሙት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ቦታዎች ናቸው፦ የድንጋይ ግንብ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን፣ የፊላና የደንገል ጥግ፣ የጀልባ ማሰሪያዎች መካከል፣ ከሁሉም በላይ የጎርፍ መውረጃ የሚያልቅበት አፍ።

የምታጸዱትን ርዝመት በገመድ ለኩ። ለአንድ ቡድን 100 ሜትር ይበቃል። የባህር ዳርቻ ቆሻሻ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት መለኪያም ይኸው 100 ሜትር ስለሆነ ቁጥራችሁን ከሌላው ጋር ማወዳደር ያስችላችኋል። መነሻና መድረሻውን በማይነቀል ነገር ምልክት አድርጉ፦ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የግንብ ጥግ። በእንጨት ችካል ምልክት ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ችካሉን ለማገዶ ተወስዶ ያገኘዋል።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል ያለው ዳርቻ ሰው የሚዝናናበት ስለሆነ ብዙው ቆሻሻ ሃይላንድ፣ ክዳን፣ ስትሮና የጫት ፌስታል ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚወጣበት ነው፤ እዚያ የመረብ ቁራጭ፣ ገመድ፣ የዓሣ ማሸጊያ ፌስታልና የዓሣ ተረፈ ምርት ተደባልቆ ይገኛል። ሁለቱ የሚፈልጉት ዕቃ ስለሚለያይ አንዱን ቡድን ለሁለቱም አታሰልፉ።

ፈቃድ፣ መኪና፣ ዓሣ አስጋሪዎች

ደብዳቤ የምታስገቡት ለከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ለክፍለ ከተማውና ለቀበሌው ነው፤ ለፖሊስም ግልባጭ ይደርሰው። ደብዳቤው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ ትክክለኛው ቦታና ሊወጣ የሚችለው የቆሻሻ ማዳበሪያ (ጆንያ) ብዛት ይጻፍ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መኪና የሚመድበው ሰው ግን የሚፈልገው እሱን ነው።

ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን መኪና ቀርቶ ነው። ተለቅሞ በማዳበሪያ የታሰረ ቆሻሻ ዳርቻው ላይ ካደረ ውሻውና አሞራው ይዘረግፈዋል፣ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል፣ በማግሥቱም የሚታየው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልክ ደውሉ፣ በዋዜማው ማታ ድገሙ፣ ከሾፌሩ ጋርም በቀጥታ ተነጋገሩ። መኪናው ባይመጣ የሚተካ አንድ አይሱዙ ወይም ሦስት የአህያ ጋሪ አስቀድማችሁ ዋጋ ተነጋግራችሁ አስቀምጡ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ የሰዉን ቁጥር ቀንሱ። 60 ሰው ሰብስቦ ቆሻሻውን መንገድ ዳር ከመተው 20 ሰው ሰብስቦ በጋሪ ማስወጣት ይሻላል።

ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጋር ሳትነጋገሩ መረብ አትንኩ። ዳርቻ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ መረብ የተጣለ ሊመስል ይችላል፣ ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ማኅበሩ አንድ ሰው ቢመድብላችሁ የተጣለውንና ለጥገና የተቀመጠውን ለይቶ ያሳያችኋል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የሚያወጣላችሁም እሱ ነው።

ቆራሌውንም አትርሱ። ሃይላንድ እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ክዳኑ ወጥቶ ወይስ ተከድኖ እንደሚፈልግ፣ ባለ ቀለሙን ለብቻ እንደሚያስለይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሸዋና ዘይት የነካውን አብዛኛው ገዢ አይወስድም፤ ነጩ ጥርት ያለው ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው የተሻለ ዋጋ አለው። ደግሞም ዳርቻውን በየቀኑ የሚለቅሙ ልጆች አሉ፤ የእናንተ ዘመቻ የአንድ ሳምንት ገቢያቸውን በአንድ ጠዋት ሊወስድባቸው ይችላል። ወደ ሥራው አስገቧቸው፣ የሃይላንዱንም ሽያጭ ለእነሱ ተዉ። ከማንም በላይ ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለ60 ሰው የሚያስፈልገው

አዲስ ማዳበሪያ 90። አዲስ ያልነው በምክንያት ነው፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ማዳበሪያ ሲነካ እንደ ጭድ ይረግፋል፣ ክሩም ራሱ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ለማንሳት ሄዶ ፕላስቲክ መዝራት ይሆናል።

ጓንት 70 ጥንድ፣ መዳፉ ጎማ የተቀባው የጨርቅ ጓንት። የሐኪም ቤቱ ስስ ጓንት በአሥር ደቂቃ ይቀደዳል፣ ጠርሙስ አያስቆምም፣ ሲቀደድም እዚያው ይወድቃል። የጨርቁ ታጥቦ አምስትና ስድስት ዘመቻ ይዘልቃል። በውሃው አፍ ለሚሠሩ 12 ሰዎች የጎማ ቦቲ ያስፈልጋል፤ ሌላው ጠንካራ ሽፍን ጫማ ያድርግ። በነጠላ ጫማ የመጣን ሰው ወደ ቆጠራው ክፍል ላኩት እንጂ አትመልሱት።

ሬክ 6፣ አካፋ 4፣ ጫፉ ላይ የታጠፈ ምስማር ያለው የ2 ሜትር እንጨት 6፤ ይህ ከደንገል መሃል ፌስታል መጎተቻ ነው። ለትናንሽ ቁርጥራጭ ዓይኑ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት 2፣ ባልዲ 6። 4 በ6 ሜትር የሆነ ሸራ 2 ለመለያ። እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን 1። ለመርፌ ባለ ክዳን ጠንካራ የ5 ሊትር ጀሪካን 2፣ ረጅም ፒንሳ 2። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን 2።

የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ተኩል ብታሰሉ 90 ሊትር ይመጣል፤ ስለዚህ 5 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ ሌላ 2 ከሳሙና ጋር። ሰዉ ኩባያ ከቤቱ ይምጣ። ለፕላስቲክ ዘመቻ ካርቶን ሙሉ ሃይላንድ የሚያድል አዘጋጅ አይጠፋም፤ ባታደርጉት መልካም ነው። ለመክሰስ ቆሎና ዳቦ በቂ ነው። አሞራ ገደል ላይ ከሆናችሁ ሙዝ አታውጡ፣ ጦጣዎቹ ከእናንተ ይቀድማሉ።

ጉማሬ፣ ቢልሃርዝያና መርፌ

ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። አደጋው ሰው በእሱና በውሃው መካከል ሲገኝ ነው፤ መንገዱ የተዘጋበት ጉማሬ ዞር ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት፣ ማንም ወደ ደንገሉና ወደ ረጅሙ ሣር አይግባ። የጉማሬ መንገድ ሣሩ ተረግጦ እንደ ቦይ የተሰነጠቀ ስለሆነ ያስታውቃል፤ እዚያ አፍ ላይ ቡድን አትመድቡ። አንድ ሰው ምንም ሳይለቅም ውሃውን ብቻ የሚመለከት ይኑር፣ ፊሽካም ይያዝ።

ቢልሃርዝያ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ በሽታ ነው። ጥገኛው በውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ጠንክራ በምትታይበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ የውሃ አፍ ሥራ ጠዋት ተጀምሮ ከ5 ሰዓት በፊት ይለቅ። ከቦቲው ከንፈር በላይ ወደሚደርስ ውሃ አትግቡ። ውሃ የገባበት ቦቲ ባዶ እግር ከመሆን ብዙም አይሻልም፤ ወዲያው አውልቁ፣ እግርን በደረቅ ጨርቅ አጥብቃችሁ አድርቁ። ውሃው የነካው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰገራ ምርመራ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ የሚወሰደውም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

መርፌ ያየ ሰው አያነሳም፤ ቆሞ እጁን ያነሳል። ፒንሳ የያዘው ሰው መጥቶ ወደ ጀሪካኑ ይጨምራል። ጀሪካኑን የሚቀበላችሁን ጤና ተቋም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከሌላው ቆሻሻ ጋር አይሂድ። ሰው ከተወጋ ቦታውን መጭመቅም መምጠጥም የለም። በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ በጀመረ ቁጥርም የተሻለ ነው። ተከድኖ ውስጡ ፈሳሽ ያለበትን ሃይላንድ አትክፈቱ፤ ቤንዚን ወይም አሲድ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሽንት ነው። ለብቻ አስቀምጡት።

ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ወደ ውሃው አፍ አይቅረቡ። በመለያው ሸራ ላይ ግን ከአዋቂ በተሻለ ይቆጥራሉ።

የዕለቱ ሥራ

ሰዉን በአሥር አሥር ክፈሉት። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ አስተባባሪ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ለቃሚ፣ ሁለት ማዳበሪያ ተሸካሚ ይኖራሉ። ስድስቱ ለቃሚዎች በሦስት መስመር ይሰለፋሉ። ሁለቱ በውሃው አፍ፣ ሁለቱ ውሃው ክረምት በደረሰበት የከፍታ መስመር፣ ሁለቱ ከላይ በሣሩና በግንቡ ሥር። ሦስቱም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ይጓዛል። ሰው እንደፈለገ ከተበተነ ሁሉም ወደሚታየው ትልቅ ሃይላንድ ይሮጣል፤ ክዳኑ፣ ስትሮውና የፌስታል ቁራጩ እዚያው ይቀራል። አቅጣጫው ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት ወደሚሄድበት ይሁን፣ የተነሳ ፌስታል ወደ ፊታችሁ እንጂ ወደ ጨረሳችሁት እንዳይበር።

በዚህ አካሄድ 100 ሜትር የተጨናነቀ ዳርቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ማዳበሪያውን እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ሙሉ፤ አፉ ካልታሰረ ሲጫን ይዘረገፋል። ሃይላንዱን እዚያው ጨፍልቁ። አንድ ማዳበሪያ ሳይጨፈለቅ ከ100 ብዙ የማይበልጥ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው የሚይዘው፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ አይሞላም። ሲጨፈለቅ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይገባበታል። የመኪናው ምልልስ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው።

የማትነኩትም አለ። የደረቀ ደንገል፣ የእንጨት ጉማጅ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ቆሻሻ አይደለም። ፊላውና ደንገሉ ዳርቻውን ከመሸርሸር ይይዛል፣ ከጎርፍ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆሮሶ ይራባበታል። ስለዚህ ፌስታሉን በእንጨቱ ሳቡ እንጂ ተክሉን አትንቀሉ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ጭቃም በሬክ አትፈልቅቁ። ፌስታሉ ሥሩ ላይ ከተጠመጠመ ቆርጣችሁ የሚወጣውን ብቻ አውጡ። ዳርቻው እንደ ተጠረገ ግቢ ማማር የለበትም።

ተንሳፋፊውን ለመልቀም ጀልባ ካከላችሁ፣ ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት ይልበስ፣ ከቀዛፊው ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ይግባ፣ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊትም ይመለስ። የተጣለ መረብ ስታገኙ ከጀልባው ሆናችሁ በጉልበት አትጎትቱ፤ ሥሩ ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ከተያዘ ጀልባውን ይገለብጣል። በቢላዋ ቁራጭ በቁራጭ እየቆረጡ ማውጣት ነው። ናይለን መረብ ባለቤቱ ከጣለው በኋላም ዓሣና ወፍ መያዙን አያቆምም፣ ስለዚህ ከአሥር ማዳበሪያ ሃይላንድ አንድ መረብ ማውጣት ሊበልጥ ይችላል።

ትናንሽ ቁርጥራጮች ለብቻ ሥራ ናቸው። በከፍታው መስመር ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ የላይኛውን 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አንስታችሁ በወንፊት ንፉ። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ውሃ ባለበት ባልዲ ጨምሩት። የፌስታል፣ የክዳንና የማዳበሪያ ክር ይንሳፈፋል፤ የሃይላንድ ቁራጭ ግን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ ስለዚህ የባልዲውን ሥርም ፈልጉ። ለ100 ሜትር አምስት ቦታ ይበቃል፤ ዓላማው ዳርቻውን በወንፊት መንፋት አይደለም፣ ምን ያህል እንደተበጣጠሰ ማወቅ ነው።

መለየት፣ መቁጠር፣ መመዘን

ሸራውን ከነፋስ በተከለለ ቦታ ዘርጉት፣ አራቱንም ጥግ በድንጋይ ያዙት። ክምሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ጥርት ያለ ሃይላንድ፣ ባለ ቀለም ሃይላንድ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ (ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ኮንጎ ጫማ)፣ ክዳን፣ ፌስታል፣ መረብና ገመድ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ሌላ። ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ በለቀማው ጊዜ ወደ ተለየ ማዳበሪያ ይግባ፣ ሸራው ላይ አይዘርገፍ።

ኪሎ ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለሥራ የሚረዳው ግን ቁጥሩ ነው። እርጥብ አሸዋ የያዘ ፌስታል ከደረቁ እጥፍ ሊመዝን ስለሚችል «ይህን ያህል ኪሎ አነሳን» የሚለው ዜና ግማሹ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ከመመዘን በፊት አራግፉ፣ የሚደርቅ ከሆነ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆዩ። ቁጥሩን አምስት አምስት እየመቱ በወረቀት ላይ መያዝ ይበቃል፤ ወረቀቱ ላይ ቀን፣ የቦታው መነሻና መድረሻ፣ የሰው ብዛት፣ የፈጀው ሰዓትና የትናንቱ አየር ሁኔታ ይኑር።

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ከሃይላንዱ በላይ ክዳን ከበዛ ሃይላንዱን ቆራሌው እየቀደማችሁ ነው ማለት ነው፤ ችግራችሁ ማንም የማይገዛው ነገር ላይ ነው። የጫት ፌስታል በአንዱ ቦይ አፍ ከተከማቸ ምንጩ ከላይ ያለው ሰፈር ነው፣ የሐይቁ ተዝናኚ አይደለም። ስስ ፌስታልን በሚመለከት ከነጋዴዎች ጋር ስትነጋገሩ ሕጉን አስታውሱ፦ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከደነገገ ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከእሱ የጠነከረ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። አንድን ባለ ሱቅ በአዋጅ ከማስፈራራት ግን ከሱቁ በር 50 ሜትር ላይ የተቆጠረውን ፌስታል ማሳየት ይቀላል።

ምንም ነገር እዚያው አታቃጥሉ። «ትንሽ ናት፣ እሳት ይብላት» የሚል ሰው በየዘመቻው አለ። ፕላስቲክ በሜዳ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ አመዱም በሚቀጥለው ዝናብ ሐይቅ ይገባል።

ከዳርቻው በፊት፦ ቦዩ

የግንቦቱ ሥራ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ወደ ሐይቁ የሚያወርዱትን ቦዮች ከአፋቸው ጀምራችሁ ወደ ላይ 200 ሜትር ያህል ማጽዳት። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ከሠራችሁ፣ ድንገት ዝናብ ቢጥል ያላለቀው የታችኛው ክፍል ሁሉ ተጠራርጎ ይሄዳል። ያወጣችሁትን ደለል ቦዩ አፍ ላይ አትከምሩ፤ በየከተማው የሚታየው የታወቀ ስህተት ነው፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ሁለተኛው የብረት ማጥመጃ ነው። ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድና ያለ መሐንዲስ እይታ አይተከልም፤ በትክክል ያልተሠራ ማጥመጃ ሰፈር ያጥለቀልቃል። 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ላለው ቦይ እንዲህ ይሠራል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ65 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ 16 ዘንግ ይወጣዋል። አንድ ሙሉ ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ ለዘንጎቹ አንዱ በቂ ነው። በዘንጎቹ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ወገቡ ከዚያ ስለሚሰፋ አያልፍም። ከ3 ሴንቲ ሜትር ካጠበባችሁት ቅጠሉና ጭቃው በአንድ ዝናብ ይዘጋዋል። ማጥመጃው ጫፉን ወደ ውሃው መሄጃ አጋድሎ ከወለሉ 60 ዲግሪ ያህል ይቁም፤ የሚመጣው ቆሻሻ ሽቅብ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይከማቻል፣ ከታች ውሃው ያልፋል። እንዲህ ሲቆም ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከሥሩ ከሚተወው 5 ሴንቲ ሜትር ጋር ተደምሮ የሚቀረው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍት የሚተወው ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ከላይ እንዲያልፍ ነው። ይህን ክፍተት የደፈነ ሰው የጎረቤቱን ቤት ውሃ ያስገባል። ከወለሉም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አሸዋው እንዲያልፍ። በቦዩ ግድግዳ ላይ በብየዳ አትደፍኑት፤ በማጠፊያ ወይም በተሰነጠቀ ብረት ውስጥ ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው አንስቶ እንዲያወጣው።

ደካማ ጎኑን እወቁት። ጎርፉ ከማጥመጃው ቁመት ካለፈ ተንሳፋፊው ሁሉ በላዩ ይሻገራል። የሚይዘው በተለይ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ነው፤ ግን በጋውን ሙሉ በቦዩ የተጠራቀመውን ይዘው የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የሚጠርገው ሰው በስም ካልተመደበ አትትከሉት። አንድ ሰው አይበቃም፣ ሁለት ጎረቤት ይመደብ፤ ሬኩና ማዳበሪያው እዚያው ሰፈር ይቀመጥ። ብረቱም ዋጋ አለው፣ በሰንሰለትና በቁልፍ ይያዝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

በ14ኛው ቀን ወደዚያው 100 ሜትር ተመለሱ፣ ሁለት ቆጣሪና አንድ ለቃሚ ይበቃል። ባለፈው ፎቶ ካነሳችሁበት ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የተመለሰውን ቁጠሩ፣ ለ14 አካፍሉ። ለምሳሌ 280 ቁራጭ ካገኛችሁ ዳርቻው በቀን 20 ይቀበላል ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት፤ ግን የመጀመሪያውን በጥቅምት፣ ሁለተኛውን በጥር ስታደርጉ ሐይቁ እንደሸሸ አስቡ፣ የተገለጠውን አሮጌ ቆሻሻ ከአዲሱ ለዩ። አሮጌው ሲነካ የሚሰባበር፣ ቀለሙ የነጣ፣ ጭቃ የጋገረበት ነው። ማጥመጃ ከተከላችሁ ደግሞ ማጥመጃ ካለው ቦይ አፍና ከሌለው ቦይ አፍ በአንድ ቀን ቁጠሩ። ልዩነት ከሌለ ማጥመጃው በጊዜው አልተጠረገም፣ ወይም ቆሻሻው የሚመጣው በቦዩ ሳይሆን ከዳርቻው ራሱ ነው፤ ያኔ የሚቀጥለውን ቅዳሜ በቦዩ ላይ ሳይሆን በመናፈሻው የቆሻሻ መጣያዎች ላይ አውሉት። መጣያዎቹ በየ30 እርምጃው ይሁኑ፣ ባለ ክዳንም ይሁኑ። ክዳን የሌለውን ነፋሱና ጦጣው እየተጋገዙ ይገለብጡታል።